መንገዱ ይጸድቃል ብዬ የሸጥኳት ጊደር

ለተወደድሽው እህቴ ለእትዬ ሰርካለም፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ጋሽ አፈወርቅስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እመቤቴ ማርያም ትመስገን፣ ደህና ነን፤ ብርዱና ጭጋጉ ግን ዘንድሮ ከቤት አላስወጣ ብሎናል። ይህን ደብዳቤ ልጄን እስከዳርን ማጻፍ ስላልፈለግሁ በራሴ እጅ ነው የምጭረው፤ ፊደሌን ታገሺኝ።

ያቺ ጎረቤቴ አረጋሽ አንጀቴን አሳርራዋለች። ባሏ መኳንንት የወረዳው ምክር ቤት አባል ከሆነ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም እንኳ ነጠላዋ የተለየ ይመስለኛል። እኔ አራት ስወልድ እሷ አንድም አልወለደችም፤ በሌላው ሁሉ ግን ትበልጠኛለች። የነፍስ አባታችን ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይላሉ፤ የኔማ ነቅዞ አልቋል።

ሰኔ ላይ ምክር ቤቱ ወረዳው ከተማ ሞላሌ ለበጀት ሲቀመጥ፣ ወደ እኛ የሚመጣው የመኪና መንገድ ሊጸድቅ ነው ተባለ። መንገዱ ከጸደቀ የበግ ነጋዴ ደጃችን ድረስ ይመጣል ብሎ አገሩ ሁሉ በጉን ያዘ። እኔም አንቺ በላክሽልኝ ብር ሁለት ሙክት ገዛሁ። በሳምንቱ አረጋሽ በሐዋርያት ጾም መሐል፣ ሥጋ የሚቀምስ በሌለበት፣ ከገበያ በግ እየነዳች ስትመለስ አየኋት። የምክር ቤት አባል ሚስት ሳታውቅ አትገዛም ብዬ፣ ለእስከዳር የሞላሌ ትምህርት የቤት ኪራይ ያሰብናትን ጊደር ሸጥኩ። አባቷ ጫኔ ተይ ቢለኝ አልሰማሁትም። በጉን በውድ ገዛሁ፤ እኔን ያየ ደግሞ ተከተለኝና ዋጋው ሰማይ ነካ።

ስብሰባው ግን ሌላ ሆነ። ከክልል የመጣው ብር አብዛኛው ለደመወዝ ሄደ አሉ። በቀረው አንዱ ጤና ኬላ፣ አንዱ የውኃ ጉድጓድ፣ መኳንንት መንገድ እያሉ ሲከራከሩ ሰንብተው፣ ማንም እንዳይከፋው ለየቀበሌው ቆንጠር ቆንጠር አድርገው አካፈሉት። የኛ ድርሻ ለቅየሳ እንኳ አይበቃም። ወሬው ሲደርስ የያዘ ሁሉ በጉን ገበያ ላይ አፈሰሰው፤ ለጾሙ ፍቺ እንኳ ዋጋ የሚጠይቅ ጠፋ።

አረጋሽ ባሏ ነግሯት ቀድማ ሸጣለች ብዬ ልሰድባት ሄድኩ። በጎቿ ሁሉ በረት ውስጥ ናቸው። መኳንንት የምክር ቤቱን ነገር ቤቱ አያወራም አለችኝ። ታዲያ ምን ይዘሽ ገዛሽ ብላት አቀረቀረች።

«አንቺ ስትገዢ አይቼ ነዋ። አዲስ አበባ እህት አለችሽ፤ ደብዳቤ ሲመጣልሽ አይቻለሁ። ከላይ የሰማሽው ነገር አለ ብዬ ቀናሁ» አለችኝ።

በዚህ ባበቃ ደግ ነበር። መኳንንት ሞላሌ የተከራየው ቤት አለና፣ ከመስከረም ጀምሮ እስከዳር ያለ ኪራይ እዚያ ትቀመጥ፣ እኔም አብሬያት እሆናለሁ አለች አረጋሽ። ጫኔ መርቆ ተቀበለ። መልካም ማድረጓ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ጠዋት ጠዋት ልጄን የምትቀሰቅሳት እሷ መሆኗን ሳስበው እንቅልፍ የለኝም። ስለዚህ እባክሽ እህቴ፣ አንቺ ዘንድ ትምጣ። ከአረጋሽ ቤት አዲስ አበባ ይቀርበኛል።

ትናንት አረጋሽ እስከዳርን ሹሩባ ሠርታ ላከችልኝ። ማማሩ ጉድ ነው። ልጅቱን ቁጭ አድርጌ አንድ በአንድ ፈታሁትና እንደገና እኔ ሠራሁት። አላለቀሰችም፤ ስጨርስ ብቻ፣ «የእሷ አያምም ነበር» አለችኝ።

ለጋሽ አፈወርቅ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ ነስቻለሁ። በኃይሉንና አመተሥላሴን በሁለቱም ጉንጫቸው ሳሚልኝ። ጫኔ ጤና ይስጥልኝ ብሏል። እስከዳር መጻፌን አታውቅም፤ የእሷን ሰላምታ እኔው ልኬልሻለሁ።

እህትሽ ዓለሚቱ
መንዝ፣ ከሞላሌ በታች
ሐምሌ ፳፩ ቀን ፲፱፻፺፮ ዓ.ም.