የአራት ሰዓቱ ደወል

አራዳ፣ የካቲት 8 ቀን 1974 ዓ.ም.

የሺዬ፣ የዓይኔ ብርሃን፤

የጅቡቲ ሙቀት እንዴት አድርጎሽ ይሆን? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩልሽ በገዛ እጄ ነው። እስከ ዛሬ ለሰው እየነገርኩ ሳስጽፍ የልቤን ግማሽ እውጠው ነበር፤ አሁን መሠረተ ትምህርት ጨርሻለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድ እንዳትስቂብኝ። የምታደርስልሽ ጎረቤታችን መይሙና ናት፤ ጨርቅ ልታመጣ በባቡር ስለምትመጣ በፖስታ አልላኩትም፤ መንገድ ላይ ከፍቶ የሚያነበው የለምና እንደ ልቤ እጽፋለሁ።

ባለፈው፣ «እማዬ፣ ያን ዘፈኔን እርሺው፤ የልጅነት ነገር ነው፣ ዛሬ ማንም አያስታውሰውም። እኔም የሆቴል አንሶላ እያጠብኩ ማንጎራጎር እንኳ ትቻለሁ» ብለሽ ልከሽብኝ ነበር። አልመለስኩልሽም። በሰው እጅ የሚመለስ አልነበረም።

እስቲ ልንገርሽ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሸክላሽ ከሙዚቃ ቤቱ ጠፍቷል፤ የሚያዘፍነውም የለም። ግን ሰው አፍ ላይ ቀርቷል። አፍንጮ በር ያሉ ሴቶች ልጆች ገመድ ሲዘሉ በእሱ ነው፤ ሸክላው ሲወጣ ገና ያልተወለዱት! አውቶቡስ ውስጥ ትኬት ቆራጩ «በሩ ላይ የቆመው፣ ግባ እንጂ!» ሲል የአራዳ ልጅ የት ይተወዋል፣ ከኋላ «ሳይሄድብኝ አሁን!» ብሎ በዜማሽ ይቀበለዋል፤ መኪናው በሳቅ ይሞላል። ፒያሳ ያሉ ጎረምሶች ከሴት ልጅ ጋር ሲቀጣጠሩ፣ ሰዓቱ አስራ አንድም ቢሆን እንደ ዘፈንሽ የዕረፍት ደወል «አራት ሰዓት ላይ» ይባባላሉ። ፀጉር ቤት ገብተሽ «የየሺን ቁርጥ» ብትዪ ሴትዮዋ ሌላ ጥያቄ ሳታበዛ መቀሷን ታነሳለች። አንቺን አያውቁሽም፤ ዘፈኑን ግን የራሳቸው አድርገውታል።

አባትሽን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ዩኒፎርምሽን ሳታወልቂ የዘፈንሽው ሸክላ በወጣ ሰሞን፣ «የአጥናፉ ልጅ አዝማሪ ሆነች» ብሎ የልብስ ስፌት ሱቁን ዘግቶ ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ ስምሽን በአፉ አላነሳም። በዚያ ክፉ ጊዜ ስትሄጂም ጀርባውን ሰጥቶሽ ቀረ። ከአገር መውጣትሽ እንዳይታወቅ፣ ቀበሌ ሲጠይቀን «ድሬዳዋ አክስቷ ዘንድ ናት» የምለው እኔ ነበርኩ።

ባለፈው ሳምንት እሑድ የምስክር ወረቀት ልንቀበል የቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰብን። አባትሽ «እኔ አልሄድም» ሲል አርፍዶ፣ ልወጣ ስል ኮቱን ደርቦ ተከተለኝ። ንግግሩ አለቀና የኪነት ቡድኑ ልጆች ካኪያቸውን ለብሰው መድረክ ላይ ወጡ። አኮርዲዮኑ ጀመረ። ያንቺ ዜማ ነው! ቃሉ ግን ሌላ፦

ይደወል ደወሉ፣ ይማር ሰፊው ሕዝብ፤
ማይምነት ይጥፋ፣ ሁሉም ሰው ያንብብ።

ክፋት የለበትም፣ ልጆቹም አሳምረው ነው የዘፈኑት። ግን አዳራሹ እንደመቁነጥነጥ አለ። ሰው አፉ ላይ ያለው ሌላ ነዋ። በሁለተኛው ዙር ከጎኔ አንድ ሻካራ ድምፅ ተነሳ፦

ይደወል ደወሉ፣ አራት ሰዓት ይሁን፤
በሩ ላይ የቆመው ሳይሄድብኝ አሁን።

ዞር ብዬ አየሁ። አባትሽ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ። የሺ፣ አባትሽ ቃሉን ያውቀዋል! የት ሰምቶት፣ መቼ አጥንቶት እንደሆነ እንጃ። መይሙና ተቀበለችው፣ የኋላው ወንበር ተቀበለ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። በመጨረሻ መድረክ ላይ ያሉት ልጆች ራሳቸው የአብዮቱን ቃል ትተው ያንቺን ይዘፍኑ ጀመር።

ሊቀመንበሩ ጓድ ፈቀደ ጠረጴዛውን ደበደበ።

«ማነው የጀመረው?»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። አባትሽ ተነሳ።

«እኔ ነኝ።»

«ምነው ጋሽ አጥናፉ? እርስዎ ትልቅ ሰው አይደሉም እንዴ?»

«የልጄ ዘፈን ነው» አለ። «የዘፈነችው ልጄ የሺ ናት። ቃሉን ሲለውጡባት ዝም ብዬ ልስማ?»

ከስንት ዘመን በኋላ ስምሽን ሲጠራ መስማቴ ነው።

«ልጅዎ አሁን የት ናት?»

ድሬዳዋ በል ብዬ ኮቱን ጎተትኩት። እጄን ቀስ ብሎ አስለቀቀኝ።

«ከአገር ወጥታለች። የወጣችውም አባቷ ሳይመርቃት ነው።»

እንግዲህ አትደንግጪ፤ አባትሽ ደህና ነው። ለጊዜው ቀበሌ አቆይተውታል። ይጠይቁታል እንጂ እጃቸውን አላሳረፉበትም። ብርድ ልብስ ወስጄለታለሁ፤ ምሳውንም በየቀኑ አደርሳለሁ። ጓድ ፈቀደ በር ላይ ሲያገኘኝ አንገቱን ይደፋል፤ ልጅ ሆኖ ከትምህርት ቤትሽ በር ላይ የማይጠፋ እንደነበረ ታስታውሺ ይሆናል። አባትሽን ከቀበሌ ወደ ከፍተኛው እስር ቤት ያዛውሩታል የሚሉም አሉ። ቢያዛውሩትም መንገዱ ትንሽ ይረዝምብኛል እንጂ ያው ነው። ቤቱ ሰፋኝ እንጂ ሌላ የጎደለኝ የለም።

ትናንት ምሳውን ሲቀበለኝ ፊቱ ፈካ ብሎ አገኘሁት። እዚያ አብረውት ያሉት ወጣቶች ያንቺ አባት መሆኑን ሲሰሙ ከግድግዳው በኩል ያለውን ደህና ቦታ ለቀቁለት። ቀን ቀን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘፍናሉ አሉ። የመጀመሪያውን ስንኝ ሁሉም ያውቀዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ላይ ግን ክርክር ነው። አንዱ «ደብተሬን ረስቼ» ነው ይላል፣ አንዱ «ደብተሬን ሰጥቼው» ነው ይላል። ዳኛ ያደረጉት አባትሽን ነው፤ እሱ ደግሞ እዚያ ጋ ተጠራጠረ።

«ጻፊላት» አለኝ። «ራሷ ትንገረን። አባትሽ ጠየቀሽ በያት።»

እና ልጄ፣ ያን ስንኝ አስታውሰሽ ለመይሙና ስጫት። እንዳትረሺ፤ እዚህ የሚጠብቁት ብዙ ናቸው። ለመምጣት ግን እንዳታስቢ፣ አደራ። ጊዜው ሲፈቅድ ራሴ እጠራሻለሁ።

የአራዳው ጊዮርጊስ በፈረሱ ይቅደምልሽ። የሰው አገር እንጀራ አይነቅሽ፤ ጉሮሮሽን ሳል አይንካው። የኔ ምርቃት ይኸው ነው። የአባትሽንም፣ «እዚሁ ልጻፍልህ ወይ?» ብዬው ነበር፤ ጠባቂው በሩን ሊዘጋ ሲል አባትሽ ዞር ብሎ፣ «አይሆንም፤ የአባት ምርቃት ጭንቅላቷ ላይ እጅ ተጭኖ ነው» አለኝ።

እናትሽ፣
ደብሪቱ