ሞተው ያደጉ ችግኞች

እሑድ፣ ጥቅምት 9
ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የዩኒቨርሲቲው ችግኝ ቤት ገባሁ። አርባ የባቄላ ችግኝ በአርባ ጣሳ፣ አራት ረድፍ። በየእሑዱ በማስመሪያ መለካት ነው። ሦስተኛው ረድፍ ትንሽ ውሃ ነው የሚጠጣው፤ የመመረቂያ ጽሑፌ በሙሉ የቆመው በሱ ላይ ነው።
አትክልተኛው፣ «ባቄላ ለክቶ ማስተርስ መያዝ እንደሚቻል ባውቅ ኖሮ እኔም ይሄን ጊዜ ዶክተር ነበርኩ» አሉኝ። ሳቅን።
እሑድ እሑድ እማዬ ከቤቷ እየመጣች ልጄን ትይዝልኛለች። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ልትመረቅ ነው» እያለች ነው። ኧረ ገና ነው ብላት ማን ሰምቶኝ…

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12
በእረፍት ሰዓት የአንዷ ተማሪዬ እናት ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት መጣች። «ቲቸር፣ እሑድ ጠዋት ቤት እየመጡ ቢያስጠኑልኝ…» ክፍያው የደመወዜን ግማሽ ያህላል። የቤት ኪራይም ጨምሮብኛል። እሑድ ጠዋት ሥራ አለብኝ ማለት ነበረብኝ። አፌ «እሺ» አለ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16
አስጠናሁ። ሰኞ እለካለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18
አልለካሁም። ባለፈው ቁጥር ላይ ሁለት ሁለት ሴንቲሜትር ጨምሬ ጻፍኩ። ባቄላ መቼም ወደ ታች አያድግ…

እሑድ፣ ጥቅምት 23
ዛሬም ከጭንቅላቴ። እውነት እንዲመስል አንዳንዱን ዝቅ፣ አንዳንዱን ከፍ አደረግኩት። አትክልተኛው ሁለት ጊዜ ደወሉ፤ እያስጠናሁ ስለነበር አላነሳሁም። ከሰዓት ሰንጠረዡን ለአማካሪዬ ላክሁ።
ቤት ስገባ እማዬ፣ «ቆመሽ ስትለኪ ዋልሽ፣ እግርሽ አብጧል» ብላ ጫማዬን አወለቀችልኝ። ሌላውንም እግሬን ዘረጋሁላት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27
አማካሪዬ ጠራኝ። «ሦስተኛው ረድፍ ጉድ ነው! በዚህች ውሃ እንዲህ ማደጉ… እስቲ ፎቶ አንሺና አምጪ።»
ሄድኩ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አሥር ደረቅ ጭራሮ።
አትክልተኛው፣ «ከደረቁ ቆዩ እኮ፣ የኔ ልጅ። እሑድ ደውዬልሽ ነበር» አሉ።
በኔ ወረቀት ላይ አራት አራት ሴንቲሜትር ያህል አድገዋል።
ከአንደኛው ረድፍ አምጥቼ ፎቶ ባነሳስ? አንዱን ከነጣሳው ብድግ አደረግኩት… እያዩኝ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

ዓርብ፣ ጥቅምት 28
ለአማካሪዬ ነገርኩት። «አልለካሁም። ከራሴ ፈጥሬ ነው የጻፍኩት።» መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ለትምህርት ክፍሉ አሳውቃለሁ። ከፈቀዱልሽ ከዘሩ ትጀምሪያለሽ።» ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29
ቤቷ ሄጄ ለእማዬም ነገርኳት። ማስጠናቱን፣ ውሸቱን፣ ዘንድሮ እንደማልመረቅ።
ልጄን ጭኗ ላይ አስተኝታ ነበር። «ታዲያ እኔ እሑድ እሑድ ይቺን ልጅ የያዝኩት አንቺ የሰው ልጅ እንድታስጠኚ ነው?» አለች። ደግሞ፣ «ቸግሮሽ ከሆነ ለምን አልነገርሽኝም? ለሰዉስ ምን ልበል?»
ምን ትበል?

እሑድ፣ ኅዳር 14
ፈቀዱልኝ፤ አንድ ዓመት ተራዘመብኝ። ለተማሪዬ እናትም ከእንግዲህ እንደማልመጣ ነግሬያታለሁ። ኪራዩን እንዴት እንደምከፍል እንጃ።
እማዬ ትመጣለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። መጣች። ልጄን ከእጄ ተቀበለች፣ ፊቴን ግን አላየችም። «ሂጂ፣ ሰዓቱ እንዳያልፍብሽ።» ይቺን ብቻ።
ሐሙስ የዘራሁት ገና አልበቀለም። ቢሆንም ማስመሪያውን በየጣሳው አፈር ላይ አቆምኩ።
አትክልተኛው፣ «ምኑን ነው የምትለኪው? ምንም የለም እኮ» አሉ።
«ምንም እንደሌለ ነው የምጽፈው» አልኳቸው።
ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። አርባ ጊዜ፣ አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን አይቼ።