መርቅያን ከጎታው ሥር

ከእህትህ ከገበያነሽ፣ አሰብ ወደብ ላለኸው ለወንድሜ ለአገኘሁ።

እንዴት ከርመሃል? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? ባለፈው ጆንያ ሳነሳ ተቀጨ ያልኸው ወገብህ ተሻለህ? የምትጠጡት ውሃ ጨው ጨው ይላል ብለህ ነበር፤ ሆድህን አልነካውም? ማን ያበስልልሃል? ማንስ ያጥብልሃል? እኛ በቸሩ አምላክ ጥበቃ፣ በእመቤታችን ጸሎት፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። ገብሱ ገብቷል፣ ውርጩም እንደ ልማዱ ከእኛ ጋር ነው። አባታችንን ሳሉ በርትቶባቸዋል፤ የእርሳቸውን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ፖስታውን ገልብጠህ እይልኝ። በሙጫ አላሸግሁትም፤ ሙጫ በእንፋሎት ይለቃል ሲሉ ሰምቻለሁ። ዳርና ዳሩን በቀይ ክር ሰፍቼዋለሁ። ቋጠሮውም እናታችን ያስተማረችን ድርብ ቋጠሮ ነው። ቋጠሮው ነጠላ ሆኖ ካገኘኸው ሰው ከፍቶታልና፣ ከዚህ በታች ያለውን እኔ እንዳልጻፍሁት ቁጠረው። ይዞልህ የሚመጣው የአንጥረኛው የጀላል ልጅ ሸሀቡ ነው፤ ጨርቅ ሊያመጣ ወደ አሰብ ይወርዳል። ታማኝ ነው ይላሉ። ይላሉ ነው እንግዲህ።

ጽሕፈቴ ቢንጋደድብህ አትሳቅ። አባታችን ስንቱን ተማሪ ሲያስቆጥሩ እኔን ውኃ ቅጂ ይሉኝ ነበር፤ ፊደል የቆጠርሁት አሁን በመሠረተ ትምህርት ነው። የተማርሁትም ለሌላ አይደለም፣ የቀበሌው ጸሐፊ ለአንተ ሳስጽፍ የሆዴን ሁሉ እየሰማ ስላስቸገረኝ ነው። ገበያነሽ ዛሬም ጠባይዋን አልተወችም እንደምትል አውቃለሁ። አልተውሁም። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር የተባለው እኮ አንዱ ገንፎውን አምኖ ጉሮሮውን ስለተወጋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው የገበያ ቀን አንድ ሰው ቤታችን መጣ። ስሜ ሰጠኝ ነው፣ አገሬ በየዳ ነው፣ ከአገኘሁ ጋር ወደብ ላይ አብረን እንሸከማለን አለ። ወረቀት ልኮ እንደሆነ ብጠይቀው፣ ወረቀት በየኬላው ይፈተሻል ብሎ በቃል ነው የላከኝ አለ። ይሁን አልሁ። ግን የበየዳ ሰው ደባርቅ ላይ ሲንቀጠቀጥ አይተህ ታውቃለህ? ራስ ዳሸን ሥር አድጌያለሁ የሚል ሰው እሳታችንን ሊታቀፈው ምንም አልቀረው። ጫማው ደግሞ ገና ያልተጣጠፈ አዲስ ቆዳ ነው። ጆንያ ተሸካሚ እንዲህ ያለ ጫማ ከየት ያመጣል? ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ብዬ ነገሩን በሆዴ ያዝሁት።

አባታችን ግን የልጄ ባልንጀራ መጣ ብለው ሳላቸውንም ረሱት። ገና ሰውየው እህል ሳይቀምስ ነገሥታቱን፣ እነዚያን የጥንት የወርቅ ገንዘቦቻቸውን፣ አምጪልኝ አሉኝ። ቀበሌዎቹ አሮጌ ወርቅና የጥንት ዕቃ ያለው ያስመዝግብ ካሉ ወዲህ ለማንም አያሳዩ ብዬ ለምኛቸው ነበር። የት እንደሚቀመጡ እዚህ አልጽፍም። እያጉረመረምሁ አመጣሁላቸው፣ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተውም ያንን የምናውቀውን ወግ ከሥሩ ጀመሩለት።

በአዲ አርቃይ ቆላ ዝናብ አጥቦ ያወጣውን የጥንት ወርቅ ገበሬ ለጀላል እንደሚያመጣለት፣ ጀላል አንዱን ለጉትቻ ሊያቀልጥ ሲል እርሳቸው የንጉሥ መልክና መስቀል አይተውበት በሙክት እንደለወጡት ነገሩት። አንተ የፈረንጅ ፊደል ከትምህርት ቤት ተምረህ ስትመጣ በዙሪያው የተጻፈውን እየለቀምህ ታነብላቸው እንደነበር፣ እርሳቸውም ስሙን በስንክሳሩና በታሪኩ እየፈለጉ ሃይማኖቱ የቀናውን ንጉሥ ብቻ እንደሚያኖሩ ነገሩት። ይህ ቴዎዶስዮስ ነው፣ ይህ መንግሥቱን ንቆ የመነነው አኖሬዎስ ነው፣ ይህ አንስጣስዮስ ነው እያሉ አንድ በአንድ በመዳፉ አስቀመጡለት። እኔ ዓይኔን ከመዳፉ አልነቀልሁም። ሁሉንም መለሰ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለህ። አንድ ቀን ያነበብህላቸው ስም መርቅያን ሆነ። የኬልቄዶንን ጉባኤ የሰበሰበ፣ የዲዮስቆሮስን ጥርስ ያረገፈ፣ ጽሕሙን ያስነጨ መርቅያን። በፊቱ ጦር ተሸክሞ፣ በጀርባው መስቀል አስይዞ መገኘቱ ደግሞ ይበልጥ አናደዳቸው፤ በመስቀል ተሸፍኖ ቤቴ የገባ ሌባ አሉት። ጀላል ልግዛዎትና ላቅልጠው ቢላቸው፣ ቢቀልጥም መርቅያን ነው፣ የማንን ልጅ ጆሮ ልታረክስ ነው ብለው ተቆጡ። ለአንተ ሰጥተው ሊማሊሞ ገደል ጣለው ብለው ላኩህ። ባዶ እጅህን ተመልሰህ ጣልሁት አልህ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ሰው ለወርቅ ሃይማኖቱን ይጥላል፣ የኔ ልጅ ግን ለሃይማኖቱ ወርቅ ጣለ ሳይሉ እንግዳ ሸኝተው አያውቁም። ቅር አይበልህና፣ እኔ ከዚያው ሊማሊሞ ሥር እንጨት ተሸክሜ ስወጣ መኖሬ አንድ ቀን ለእንግዳ አልተወራልኝም።

ሌላው እንግዳ ሁሉ ወጉ እዚህ ሲደርስ አጀብ ነው ይላል። ሰጠኝ ግን አንገቱን ደፋ። ቀና ሲልም በዓይኑ ትልቁን ጎታ ፈለገ። እኔም ዓይኑን ተከትዬ ጎታውን አየሁት።

ስሸኘው ከአጥሩ ውጭ ቆመና ነገሩን አወጣው። አገኘሁ ከአባቱ ነገሥታት አንዱንም አይፈልግም፣ የሚፈልገው መርቅያንን ብቻ ነው አለ። ገደል አልገባም፤ ከትልቁ ጎታ ሥር፣ ከምርጊቱ ውስጥ፣ በከረሜላ ወረቀት ተጠቅልሎ አለ አለኝ። ወደቡ ላይ የጥንት ነገሥታትን ወርቅ የሚሰበስብ አንድ ግሪክ አለ፣ መርቅያን ጎድሎበታል፣ በእነርሱ ዘንድ ቅዱስ ነው፣ ያንን ካመጣህልኝ ውሃውን አሻግርሃለሁ ብሎታል አለ። ስለ ውሃው ከዚህ በላይ በወረቀት አልጽፍም። አባታችን ያባረሩትን ከሀዲ የሚሳለመው ሰው አንተው ዘንድ መገኘቱ ግን አሳቀኝም፣ አስደነገጠኝም።

ነገ ተመለስ ብዬ አሰናበትሁት። አባታችን ቅዳሴ ሲሄዱ የጎታውን ሥር በቢላ ፋቅሁት። መጀመሪያ እጄ የገባው ጨርቅ ነው። የከረሜላ ወረቀት አይደለም። ውሸታም፣ ያዝሁህ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ጨርቁን አወቅሁት። እናታችን ለጥምቀት ከምትለብሰው ቀሚስ የተቀደደ ጥለት ነው። ስፈታው ከውስጡ የከረሜላው ወረቀት ወጣ፣ ወረቀቱን ስፈታው ደግሞ መርቅያን ጦሩን እንደያዘ አፈጠጠብኝ።

አየህ፣ ነፍሷን ይማርና እናታችን ጎታውን ስትመርግ አግኝታው ኖሯል። በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ቦታው መልሳልሃለች። ይህን አንተ አታውቅም፤ ስለማታውቅ ነው ለሰውየው ያልነገርኸው። ስለዚህ ወሬው ከአንተው አፍ መውጣቱን አመንሁ።

ግን አፍህን ምን ከፈተው? ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለባዕድ የሚያወጣው ወይ በጣም ሲያምን ነው፣ ወይ በጣም ሲመታ። የጎረቤታችንን የፋንታዬን ልጅ አስታውስ። ልጅሽ ሰላም ብሎሻል፣ መጻሕፍቱን ስጪኝ ብሎ የመጣው ሰው ማን እንደነበር ያወቅነው መጻሕፍቱ ከቤት ከወጡ በኋላ ነው። አገኘሁ፣ ያለህበት ወደብ ነው ወይስ ሌላ ቦታ? ወርቁ ቢጠፋ ይጥፋ። የፈራሁት ስለ አንተ ነው።

ሰጠኝ ሲመለስ ፈልጌ ከአይጥ ጉድጓድ በቀር ያገኘሁት የለም አልሁት። ትክ ብሎ አየኝና አልተከራከረም። ይህም አላስደሰተኝም፤ ሌባ ቢሆን ይከራከር ነበር፣ ወዳጅ ቢሆንም ይለምነኝ ነበር። አባታችን ብርዱን አይተው ጋቢያቸውን አለበሱት፣ አሰብ ስትደርስ ለልጄ ስጥልኝ ብለው። ጋቢ ለአሰብ! ከሄደ በኋላ ሳስበው፣ አሰብ የከረመ ሰው የበየዳም ልጅ ቢሆን ብርድ ሊያሸንፈው ይችላል። ለጫማው ግን እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም። ስለዚህ ሁለት ነገር በገዛ እጅህ ጻፍልኝ፤ ጋቢው ደርሶህ እንደሆነ፣ የከረሜላው ወረቀትም ቀለሙ ምን እንደነበረ። ቀለሙን ለሰጠኝ አልነገርኸውም፣ እኔም እዚህ አልጽፈውም። በሰው እጅ የተጻፈ መልስ ከመጣ እንዳልመጣ ነው።

አሁን ወደ አባታችን ልመለስ። የፋቅሁትን በጭቃ መርጌ እጄን ሳልታጠብ ከቅዳሴ ገቡ። ዓይናቸው ደክሞ አፍንጫቸው ተክቶታል፤ ገና ሳይቀመጡ ጭቃ ይሸተኛል አሉ። አይጥ ጎታውን ቦርቡራው ነው አልኋቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ያቺን አይጥስ እናትሽ ድሮ አግኝታት ነግራኛለች አሉኝ።

ታዲያ ለምን ይህን ሁሉ ዘመን ጣለው እያሉ ያወራሉ አልሁ። ባወራሁ ቁጥር የልጁን ፊት አይ ነበር አሉ። ዛሬ አባባ አልጣልሁትም ይለኛል፣ ነገ ይለኛል እያልሁ ስጠብቅ አረጀሁ፤ አልቆጣውም ነበር አሉኝ። ከዚያ ሳላቸው መጣ።

ሁሉን ጠርጣሪ ነኝ ባይዋ እህትህ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ሰው አንዱ ካንዱ የሚደብቀውን ነገር አንድ ቀን አልጠረጠርሁም። ተቀምጬ አለቀስሁ። ለእናታችን ነው፣ ለአባታችን ነው፣ ለአንተ ነው፣ አላወቅሁትም።

ስለዚህ ስማኝ። መርቅያን እኔ ዘንድ ነው። ከጎታው ሥር የለም፣ ደግሞ ሰው ልከህ እንዳታስቆፍረኝ። በሰጠኝም እጅ፣ በሸሀቡም እጅ አልልከውም። ከፈለግኸው ራስህ ና። ፊትህን ልየው፣ አካልህ ሙሉ መሆኑን በእጄ ልዳስስ። ከአባታችን ፊት ቁምና የሚጠብቁትን ያንን አንድ ቃል ንገራቸው። ከዚያ ወርቁን ከእጄ ትቀበላለህ። ለግሪኩ ብትወስደውም፣ ሊማሊሞ ወስደህ ብትጥለውም የራስህ ጉዳይ ነው፣ ውሃውንም ብትሻገር እንባዬን ይዤ እመርቅሃለሁ። ግን አትዘግይ። ሳሉ ደረታቸውን ይዞታል፣ የሚመጣውን ክረምት የሚያወጡት አይመስለኝም። ይህንን አንብበህ ስትጨርስ አቃጥለው፤ ክሩንም ጭምር።

ባለቤቴ ቢራራ እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሃል፤ ስለዚህ ነገር ምንም አያውቅምና ስትጽፍለት እንዳታነሳበት። ልጄ ስጦታ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው ትላለች። ጀላልና ባለቤቱ ዘኪያ ናፍቀውሃል፤ ጀላል የፈረንጅ ፊደል የሚያነብልኝ አጣሁ በይልኝ ብሏል። ፋንታዬ ጉልበትህን ትስማለች፤ ልጇን መንገድ ላይ አይተኸው እንደሆነ ዛሬም ትጠይቃለች።

አባታችን ግን ሰላም በይልኝ አላሉም። ጎታው ሥሩ ላልቷል፣ የገበያነሽ ምርጊት አይረባም፣ ያላላው ራሱ መጥቶ ይምረገው በይው ነው ያሉኝ።

እህትህ ገበያነሽ ሀብተ ሚካኤል
ደባርቅ፣ ጥር 24 ቀን 1974 ዓ.ም.