ከፊት የቆመችው ኮከብ

ዛሬ የምንሸኛቸው የሰማይ ተመራማሪ ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ጣሪያው በሚያፈስ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። እናታቸው የሰፈሩን ሴት ሁሉ ሲያዋልዱ ኖረው እሳቸውን ብቻቸውን ተገላገሉ። መሥሪያ ቤታቸው ያዘጋጀው ጽሑፍ ጋላክሲን ከቤተሰብ አስቀድሞ ስለጠራ፣ ይህንን ባለቤታቸው አስጽፈዋል።

ትምህርታቸውን በማዕረግ ጨርሰው በ1968 ዓ.ም. በሰማይ ምርምር ተቋም ተቀጠሩ። በ1971 ዓ.ም. ሱሪ ሊያሳጥሩ ገብተው ልብስ ሰፊዋን አገቡ። ፊደል ያልቆጠረች ለምሁር አትሆንም ያሉ ነበሩ፤ ሁሉም ቀድመው ሄደዋል፣ ነፍስ ይማር። እሳቸው ግን ባለቤታቸውን ስለ ምላሳቸው ስለት «መርፌዬ» እያሉ ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

ከዚያ ሌላዋ መጣች። በመሥሪያ ቤታቸው «ቅርቧ ጋላክሲ» ይሏታል። ባለቤታቸው «ስንት ቢያስሄድ ነው ቅርብ የሆነችው?» ቢሉ፣ እሳቸው «ብርሃኗ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ሚሊዮን ዓመታት ይፈጃል» አሉ።

«እሷ ቅርብ ከሆነች፣ ማድ ቤት ያለሁት እኔ ምን ልባል ነው?»



ሥራቸው የጋላክሲዋን የኮከብ ዘለላዎች መለየት ነበር፤ ዘለላ ማለት ከአንድ ደመና አብረው ተወልደው ተያይዘው የሚኖሩ ኮከቦች ናቸው። የጋላክሲዋ ፎቶ ሲታተም ሰማዩ ነጭ፣ ኮከቡ ጥቁር ነጥብ ይደረጋል፤ ደብዛዛው እንዲታይ ነው አሉ። ያንን ወረቀት ሳሎን ሰቀሉት፤ የሠርጉ ፎቶ ኮሪደር ወረደ። ቤቱ ተኮራርፎ ሰነበተ። ለማስታረቅ ብለው፣ ጠርዝ ላይ ያለችውን አንዷን ዘለላ «መርፌዬ» ብለው ሰየሙ።

«ጭራሽ የሷ ዘለላ ልሁንልህ?» ተባሉ። ያን ዕለት እራት አልቀረበም።

በ1987 ዓ.ም. ከምድር በላይ የሚዞረው ቴሌስኮፕ ያነሳው ፎቶ መጣ። ድሮ ነጥብ የመሰሉት ዘለላዎች ተበትነው ብዙ ኮከብ ሆኑ፤ «መርፌዬ» ግን ያው አንድ ነጥብ። ለካስ በእኛና በጋላክሲዋ መካከል ያለች፣ የራሳችን ሰፈር ኮከብ ኖራለች። በባልደረቦቻቸው ፊት ስሕተታቸውን አምነው ሰረዟት። አንገታቸውን ደፍተው ቤት ገቡና፣

«መርፌዬ፣ ተሳስቻለሁ። የሷ አይደለሽም። እዚሁ እኛ ጋ ሆነሽ፣ ከፊቷ ቆመሽ ነው» አሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይኸን ለማወቅ ቴሌስኮፕ ሰማይ መስደድ ነበረብህ?»

ያን ዕለት እራት ሁለቴ ቀረበ።

አምና ሳንባቸውን ታመው ሲተኙ ያ ወረቀት ከአልጋቸው ትይዩ እንዲሰቀል ጠየቁ። ባለቤታቸው ሰቀሉላቸው፤ የሠርጉን ፎቶ ግን ከወረቀቱ ፊት፣ መሐሉ ላይ አንጠለጠሉት። አይተው ሳል እስኪያቋርጣቸው ሳቁ፤ ይነሳም አላሉ።

መጋቢት 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው፣ ዓይናቸው እዚያው ግድግዳ ላይ እንዳለ አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው ያለቅሱላቸዋል። ያቺኛዋ ጥቁር አልለበሰችም፤ መርዶው እሷ ዘንድ እስኪደርስ ሚሊዮን ዓመታት ይፈጃል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በመልካም ስፍራ ያሳርፍ፤ ስፍራው ግን ባለቤታቸው እስኪደርሱ ድረስ ከዚያችኛዋ ራቅ ያለ ይሁን።