አራጅ የሌለው ማዕድ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ወርቅነሽ፣ ካለሁበት ከጅቡቲ ሰላምታዬ ሞጆ ድረስ ይድረስሽ። እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የጥር ብርድ ሲገባ የሚይዝሽ ቁርጥማት ዘንድሮስ ማረሽ? የጋሽ ታፈሰ ደም ግፊት ወረደላቸው? ጨው ይቀንሱ የተባሉትን ይሰማሉ ወይስ አንቺ ዞር ስትዪ እየነሰነሱ ነው? ልጅሽ ባንቴስ ለሠርጉ እየተሰናዳ ነው? የሙሽራይቱ ቤተሰቦችስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይሄይስ ደህና ነው፤ ሀና ደህና ናት፤ መልአኩም ደህና ነው። የመልአኩን ደህንነት ለብቻው የጻፍኩልሽ ግን ምክንያት ስላለኝ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ዋለልኝ፣ ያው የከባድ መኪናው ሾፌር፣ ከትናንት በስቲያ ቤታችን ሲመጣ መልአኩን እግሩ በፋሻ ታስሮ ተቀምጦ አገኘው። ነገሩን በግማሹ ሰምቶ ግማሹን ራሱ ሞላበት። አውቀዋለሁ፤ አዋሽ ሲደርስ ዓሣው አንበሳ ያክላል፣ ሞጆ ሲገባ ልጁን ውጦታል። ስለዚህ ደጃፍሽ እንደደረሰ፣ አፉን ሳይከፍት ደብዳቤውን እንዲሰጥሽ አስምዬዋለሁ። አንቺም እስክትጨርሺ ድረስ ምንም አትጠይቂው።

ለገና የላክሽልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። «ለሀና እዚህ ትምህርት ቤት አነጋግሬያለሁ፤ ይሄይስ ሥራውን ይሥራ፣ አንቺ ግን ልጆቹን በረሃ ላይ አታንገላቻቸው፤ ይዘሻቸው ነይ» ብለሻል። አሳቢነትሽን አውቃለሁ፤ እኔን ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። መልሴን ግን አልደብቅሽም፤ አልመጣም። እንዳትቆጪ፣ ምክንያቴን ስሚኝ።

ሰኔ ላይ ስንገባ የነበረውን ሙቀት እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ካምሲን የሚሉት ነፋስ አለ፤ እቶን ተከፍቶ ፊትሽ ላይ የሚተነፍስ ነው የሚመስለው። ይሄይስ የአገራችንን ዕቃ ከወደብ በሚያስወጣ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ስለሚሠራ በጠዋት ይወጣል። እኔና ልጆቹ ካርቲየ ሁለት በሚባለው ሰፈር ባለችው ቤታችን በር ዘግተን፣ መስኮት ጋርደን፣ ቬንትሌተር ሥር እንቀመጣለን። የምንበላው አንቺ የላክሽልንን ሽሮ ነው። ቀትር ላይ ጫት ሲገባ ከተማው ሁሉ ጭር ይላል፤ እስከ አሥር ሰዓት ሱቅ የሚባል አይከፈትም። መስከረም ላይ ሀና የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ጀመረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ትወረውርና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ክፍል ውስጥ ግን አፍ እንዳልፈታ ሕፃን ሆናለች። አንቺ ሳትጽፊልኝ በፊት፣ ጥቅምት ላይ፣ ሻንጣ አውጥቼ የልጆቹን ልብስ ማጣጠፍ ጀምሬ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺ ብቻ ነው።

ከበራችን ፊት ለፊት ፋጤ የምትባል ሴት አለች፤ በዕድሜ አንቺን ታክላለች። ባሏ ኢስማኤል ባለ ጀልባ ነው። ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው፤ በየመሃሉ «አቦ» ትልበታለች። በመጣን በሦስተኛው ቀን ሥጋ ያለበት ሩዝ በትልቅ ሳህን ሞልታ ላከችልን። የእስላም ሥጋ ነው፤ እንዴት እንበላዋለን? አመሰግናለሁ እንኳ ሳልል በሀና እጅ መልሼ ላክሁት። ከዚያ በኋላ ደጅ ላይ ስንገናኝ ሰላም ከማለት ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። እኔ ደግሞ ትዕቢተኛ ናት ብዬ ደመደምኩ። ትዕቢተኛዋ ማን እንደሆነች አሁን አውቃለሁ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ሻንጣው አልጋ ሥር እያለ፣ ፋጤ ራሷ በሬን አንኳኳች። በእጇ ላሆህ ይዛለች። ላሆህ ማለት እንደኛ እንጀራ የሚቦካ፣ ዓይን ያለው፣ ትንሽና ስስ ያለ ቂጣ ነገር ነው፤ በማር ይበሉታል። በሩ ላይ ቆማ «እንቺ፤ ይኼ አራጅ የለውም» አለችኝ። ኀፍረቱ ከእግሬ እስከ ራሴ ወረረኝ። «ፋጤ፣ ያን ቀን የመለስኩብሽ በክፋት አይደለም፤ ግን መጥቼ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ይቅር በይኝ» አልኳት። «አቦ፣ ድሬ ያደግኩ ሰው እኮ ነኝ፤ የማትበሉትን እኔው ነበርኩ ማወቅ ያለብኝ። ረስቼው ነው» አለችና ገብታ ተቀመጠች። ዓይኗን ጨለማው ቤት ውስጥ አዟዟረችና «አባዮ፣ ጅቡቲ ቤት ውስጥ የለችም፤ ውጪና ፈልጊያት» አለችኝ። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው።

መፈለግ የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው። ፋጤ መጀመሪያ የወሰደችን ቡላኦስ በሚባል ሰፈር ሐምዲያ የምትባል የመናዊት ምግብ ቤት ነው። ቤቱ ውበት የለውም፤ ረጃጅም ጠረጴዛና ጥቁር ግድግዳ ብቻ ነው። ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቀው እንደ መጽሐፍ ይዘረጉትና ቀይ ቅመም ቀብተው እንደ ጉድጓድ ባለ የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። ቂጣውም እዚያው ይጋገራል፤ ስፋቱ ትሪ ያክላል። ሳህን የለም፤ በወረቀት ላይ ዘርግተው ያቀርቡልሻል፤ በእጅሽ ነው የምትበዪው። ያን ዕለት ፋጤ አስገብታ ካስቀመጠችን በኋላ ዕቃ ልትገዛ ወጣች፤ ሐምዲያ መጥታ ምን እንደምንበላ በፈረንሳይኛ ጠየቀችን። እኔና ይሄይስ ተያየን። ሀና ቀስ ብላ ተነሥታ፣ አራት ቂጣ፣ ሁለት ዓሣ፣ ለትንሹ ወንድሟ ቃሪያ የሌለበት ብላ በፈረንሳይኛ አዘዘች። ሐምዲያ የሀናን ጉንጭ ይዛ «የዚች ልጅ ፈረንሳይኛ ከኔ ይበልጣል» አለች፤ የተረጎመችልን ሀና ራሷ ናት። እትዬ፣ የዚያን ዕለት ሀና ሁለት ጊዜ ቂጣ አስጨመረች፤ ሁለቱንም ጊዜ ራሷ ናት የጠየቀችው። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ግድግዳ አታይም።

ችግራችን የዕረፍት ቀኑ ነው። እዚህ አገር የሚዘጋው ዓርብ ነው፤ ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ታውቂዋለሽ፤ እኔ የእናታችንን ሥርዓት ስለያዝኩ አልበላም። ስለዚህ ዓሣውን ሐሙስ ከሰዓት፣ ይሄይስ በጊዜ ሲወጣ እንሄድለታለን። ለዓርብ የሚሆነንን ደግሞ ለብቻው ፈለግን። ጠዋት ፉል በዘይት የሚሠራ ቤት አለ፤ ከምድጃ በወጣ ረጅም የፈረንሳይ ዳቦ ነው የሚበላው። ባልባላ ወደሚባል ሰፈር ደግሞ በሚኒባስ ሄደን የምስር ሳምቡሳ የምትጠብስ ሴት አገኘን፤ ይሄይስ አሥር ሳይበላ አይነሣም። እዚህም ምኒልክ አደባባይ የሚባል አለ፤ እዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ልጆቹ አይስክሬም የሚበሉት ግን በፍስክ ቀን ነው። በዚህ ሁሉ ደጋግሜ እንቢ ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ ጀልባ። ባሕሩን ከዳር ሆኜ ማየት እንጂ በላዩ መሄድ አልፈልግም ነበር።

ከጥምቀት በኋላ በዋለው ዓርብ ፋጤና ኢስማኤል ለመኑን፤ ልጆቹም አለቀሱ፤ ተሸነፍኩ። የሄድነው ሙሻ ወደሚባል ደሴት ነው፤ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። መንገዱን ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ ዳዊት ስደግም፣ ይሄይስ ደግሞ «ያቺ መርከብ የኛን ስንዴ የጫነች ናት» እያለ ይጎነትለኛል። ደሴቱ ዝርግ ነው፤ ተራራ የለው፣ ዛፉ በውኃ ውስጥ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው፤ አሸዋው ግን እንደ ፊኖ ዱቄት ነጭ ነው። ፋጤ ከሰል አያይዛ ለነሱ ዓሣ ጠበሰችና የሻይ ውኃ ጣደች፤ ኢስማኤል ሌሎች እንግዶች ሊያደርስ ወደ ቀጣዩ ደሴት ሄደ፤ የሚመለሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እኔ ቴምሬንና ሳምቡሳዬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ።

መልአኩ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ውኃው ከጉልበቱ በታች ነበር። አባቱ ሮጦ ሲያወጣው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ደም ይወርዳል። ጅራቱ መርዝ ያለው፣ አሸዋ ለብሶ የሚተኛ ጠፍጣፋ ዓሣ ረግጦ ነው። ልጄ እንዲያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ይሄይስ ቀበቶውን ፈቶ እግሩን ሊያስር፣ በአፉም ሊመጥ ጎንበስ አለ። እኔ ልጁን ነጥቄ ወደ ባሕሩ ሮጥኩ፤ ጀልባ እንደሌለ እያወቅሁ። ፋጤ ከኋላ ደርሳ ክንዴን ጨመደደችኝ። «አባዮ ስሚኝ! ኢስማኤል ሦስት ጊዜ ተወግቷል፤ ሦስቱንም ጊዜ ያዳንኩት እኔ ነኝ። አንተም እንዳታስር! አስቀምጡት!» አለች። ጮኸችብን እንጂ አልለመነችንም፤ እኛም እንደ ልጅ ታዘዝናት።

የሻይ ውኃውን ድስት ውስጥ ገለበጠችው፤ ትንሽ ቀዝቃዛ ጨመረችበት፤ በክርኗ ለካችውና የልጁን እግር እስከ ባቱ ነከረችው። «ሙቀቱ ነው መርዙን የሚሰብረው፤ ሲቀዘቅዝ ሕመሙ ይመለሳል፤ ውኃ አምጡ» አለችን። ይሄይስ ከሰሉን ያራግባል፣ እኔ ልጁን አቅፌያለሁ፣ ሀና ታመላልሳለች። የያዝነው ውኃ እያለቀ ሲመጣ ሀና ሳታስፈቅደኝ ወዲያ ማዶ ድንኳን ወደ ተከሉ ፈረንሳዮች ሮጠች። ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፤ ሰውየውና ሚስቱ ሁለት ትልልቅ ፔርሙዝ ይዘው ከኋላዋ እየሮጡ መጡ። አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል እንዲህ ስናደርግ ቆየን። ጩኸቱ ወደ ለቅሶ፣ ለቅሶው ወደ መነጫነጭ ወረደ። በመጨረሻ ዓይኑን ጠረገና «እማዬ ራበኝ» አለ። አምስት ዓመቱ ነውና ጾም የለበትም፤ ፋጤ የጠበሰችውን ዓሣ አጥንቱን እየለቀመች አጎረሰችው። እሱ ሲያኝክ እኔ ትከሻዋ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ኢስማኤል እንደመጣ በቀጥታ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ የቀረች ስባሪ አወጣለትና መድኃኒት አዘዘ። እግሩን ሙቅ ውኃ ውስጥ ያደረገው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ፋጤን አሳየሁት። «እኔም ብሆን ሌላ አላደርግም ነበር» አላት። እሷ ግን ምስጋናውን ትታ፣ ፋሻው ጠብቋል እያለች ትከራከረው ጀመር።

አሁን «ይኸው፣ ያልኩሽ ደረሰ» እንደምትዪ አውቃለሁ። እኔም በማግስቱ ጠዋት ስነሣ ሻንጣዬን የማስብ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ስነሣ ያሰብኩት ለፋጤ ምን ሠርቼ እንደምወስድላት ነው። እትዬ፣ ልጅ ሞጆም ሆኖ ይወድቃል፣ ይታመማል። እዚህ ብቻችንን ነን ብዬ ነበር የፈራሁት፤ ብቻችንን አይደለንም። ልጄ በሰው አገር ቋንቋ ለወንድሟ ውኃ ለምና አምጥታለች። እንደዚህ ያለችውን ልጅ ከጀመረችው ነቅዬ አላመጣትም።

በአስተርእዮ ማርያም ዕለት ቤተ ክርስቲያን አስቀድሰን ስንመለስ፣ ከሰዓት ከነፋጤ ጋር ከተማው ዳር ወዳለው የባሕር ዳርቻ ወረድን። መልአኩ ቁስሉ ገና ስለሆነ አሸዋው ላይ ተቀምጦ አለቃ ሆኖ ያዛል። ፋጤ እግር ሳያነሡ አሸዋውን እየጎተቱ መሄድን አስተማረችን፤ ዓሣው ንዝረቱን ሲሰማ ይሸሻል። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ውኃው ለብ ያለ ነው።

በይ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የጋሽ ታፈሰን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ጨዉን ከተዉ ከዚህ የደረቀ ዓሣ እልክላቸዋለሁ፣ ካልተዉ አልልክም በያቸው። ይሄይስ አክብሮ እጅ ይነሣሻል፤ ሀና ለብቻዋ ደብዳቤ ልትጽፍልሽ ነው፤ መልአኩ «ዓሣው እኔን ፈርቶ ነው የወጋኝ» ብለሽ ጻፊላት ብሎኛል። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ በየስማቸው ሰላም በዪልኝ። ባንቴን ደግሞ ጉንጩን ሳሚልኝና፣ ለሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንደምንመጣ ንገሪው። ኪራይ ቤት እያፈላለገ እንደሆነ ከዋለልኝ ሰምቻለሁ፤ ፍለጋውን ይተው። የሞጆው ቤታችን ቁልፍ አንቺ ዘንድ አለ። መስኮቱን ከፍተሽ አናፍሺው፣ ግድግዳውን ኖራ አስቀቢው፤ ከሙሽራይቱ ጋር ይግቡበት። ይሄይስም ተስማምቷል። እኛ ስንመጣ እንግዶች ነንና አንቺ ዘንድ እናርፋለን።

እህትሽ ፀዳል
ካርቲየ ሁለት፣ ጅቡቲ
ጥር 24 ቀን 1996 ዓ.ም.