ሁለት ጊዮርጊስ በአንድ ጠረጴዛ

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ከቀኑ 9፡00

የሐይቁን ደሴት ቤ/ክ የብራና ፎቶዎች ወደ ኮምፒውተር እያስገባሁ ነው። ቢሮው ባዶ። ከጠዋት ጀምሮ ያናገርሁት ሰው ቢኖር ፎቶዎቹን በጀልባ ያመጡልኝን መሪጌታ ላቀን ብቻ። አዲሱን ሃርድ ዲስክ ማሽኑ ራሱ በሚሰጠው ረጅም መለያ ቁጥር ልመዝግበው ስል ተቆጡ። ቁጥር ለእስረኛ ነው፣ በታቦቱ ስም ይጠራ አሉ። እሺ። «ጊዮርጊስ» አልሁት። መረቁኝ።

ሲሄዱ የአባባን ዲስክ ሰካሁ። ከመሞቱ በፊት በስልክ የቀዳሁት ዜማው አለበት። ስልኩ ተሰርቋል፣ ሌላ ቅጂ የለም። እህቴ ከማክሰኝት ላክልኝ ካለች ዓመት አለፋት፤ በሚቀጥለው ሳምንት እያልሁ። እየሰማሁት እሠራለሁ። ሰው አብሮኝ ያለ ይመስለኛል።

ማክሰኞ፣ ጠዋት

ደብተሬ፣ ጉድ ሆንሁ። ትናንት ስወጣ ኮምፒውተሩን «ጊዮርጊስ» የሚባለውን ዲስክ አጽድተህ ፎቶዎቹን ገልብጥበት ብዬው ነበር። የአባባንም ዲስክ ድሮ ባገለገለበት ደብር ስም «ጊዮርጊስ» ብዬዋለሁ! ሁለቱም ተሰክተው። ማሽኑ መጀመሪያ ያገኘውን፣ የአባባን፣ አጸዳ። አዲሱ ዲስክ ባዶ፤ የአባባ በብራና ፎቶ ጢም ብሏል።

በቁጥር ቢሆን አይሳሳትም ነበር። ስም ይደገማል፣ ቁጥሩ አይደገምም። ይህን ለተማሪ የማስተምር ሰው ነኝ! ደደብ።

ረቡዕ

የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ጠዋቱን ሙሉ ሞከርሁ። ምንም። ከሰዓት ሐይቁ ዳር ተቀመጥሁ። እንጨት የጫነ ታንኳ አለፈ። ለማን ልንገር? ስልኬ ላይ ያለው ስም ሁሉ የሥራ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ 8፡30

መሪጌታ መጡ። ፎቶዎቹ ደኅና መሆናቸውን አይተው ደስታቸው ሌላ። ከእንግዲህ ማሽኑ ሁሉንም በቁጥር ነው የሚያውቀው፣ የታቦቱ ስም ዲስኩ ላይ በወረቀት ይለጠፋል አልኋቸው። ምነው አሉ። የአባቴ ድምፅ ጠፋ አልሁ። አለቀስሁ፣ እፊታቸው። እህቴ ዓመት ሙሉ ላክልኝ ስትለኝ እንደነበርም ነገርኋቸው። ከዚያ ለእህትህ ዛሬውኑ ንገራት አሉኝ።

11፡00

ደወልሁ። ሀሎ ስላት፣ በድምፅህ አባባን መሰልኸኝ አለች። ልነግራት ስል፣ ዝም ብለህ አውራ፣ የፈለግኸውን አውራ አለችኝ። አወራሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ምንም። ዲስኩን አላነሣሁም።

ነገ በመጀመሪያው መኪና ማክሰኝት። ባዶ እጄን። እፊቷ ቆሜ እነግራታለሁ።