የለቅሶውን ፎቶ ልኬልሃለሁ

ዲላ፣ ኅዳር 2003 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህና ልጆችህስ? እኔ በሕይወት አለሁ፤ ደህና ነኝ ማለቱ ግን አልመጣልኝም። በስልክ ያዘዝከኝን ፎቶ ሠርቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሲዲ ልኬልሃለሁ። የጻፍኩልህ፣ በስልክ ብናገር ኔትወርክ ጠፋ ብለህ ስለምትዘጋብኝ ነው።

ሥራው ጊዜ አልወሰደብኝም። አዲስ አበባ ከመሄድህ በፊት የፎቶሾፕን አቋራጭ ሁሉ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ውለታ አልክድም። ቀኝ እጅሽ ከማውሱ፣ ግራ እጅሽ ከኪቦርዱ አይነሳ ትለኝ ነበር። ዛሬ የተማሪ ጉርድ ፎቶ በገፍ ሲመጣ የመጀመሪያውን ስሠራ አሠራሬን አክሽን በሚሉት መቅጃ እቀዳውና ሌላውን በአንድ ቁልፍ እጨርሳለሁ፤ ብርሃኑ ይስተካከላል፣ ልኩ ይቆረጣል፣ እኔ ደንበኛ አስተናግዳለሁ። የፎቶ ስቱዲዮዬ የቆመው በዚህ ነው።

እማዬም ያንተን ሙያ ተጠቅማበታለች። በየፋሲካው የሀገር ልብሷን ለብሳ ትመጣና ልጄን አጠገቤ አድርጊልኝ ትለኝ ነበር። አንተን ከድሮ ፎቶህ አንዴ ቆርጬ ለብቻህ አስቀምጬሃለሁ። ሺፍት ተጭኜ ስጎትትህ መሀል ላይ ታርፋለህ፤ ኮንትሮልና ቲ ተጭኜ ቁመትህን ከትከሻዋ ጋር አመጣጥናለሁ። ነጠላዋን አስተካክላ ሳትጨርስ አንተ መጥተህ ቆመሃል። ፎቶውን ለጎረቤታችን ለእትዬ ፀዳለ ታሳይና፣ ሌሊት ገብቶ ሌሊት ወጣ፣ ሥራ አላስቀምጥ አለው ትላታለች። አንድ ዓመት እትዬ ፀዳለ፣ ይሄ ልጅ ሌላ ሸሚዝ የለውም ወይ ብላ ጠየቀቻት። እማዬ በማግስቱ መጥታ የሸሚዙን ቀለም ቀይሪለት ብላ ለመነችኝ። ቀየርኩት። ስምህ በሰው አፍ እንዳይገባ ስትል እስክትሞት ድረስ ዋሸችልህ።

አንተስ? አማቶችህ አብረንህ ሄደን እንቅበር ሲሉህ መንገዱ ሩቅ ነው ብለህ አስቀረሃቸው፤ ሻንጣ ይዘህ ከቤት ወጣህ፤ ዲላ ግን አልደረስክም። የት እንደሰነበትክ አልጠይቅህም። አሁን ደግሞ ከለቀስተኛው መሀል አስገቢኝ አልከኝ። ከኋላችን ያለውን የጭቃ ቤት በቪላ ቀይሪው አልከኝ። ለቅሶው ላይ እኔ ደረቴ ላይ የያዝኩት የእማዬ ፎቶ ጨለለቅቱ ከተማ ቡና ማጠቢያው ላይ ስትሠራ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ሽርጥ አድርጋ የተነሳችው ነው፤ እሷን የምትመስለው እዚያ ላይ ስለሆነ እኔ ነኝ የመረጥኩት። እሱን አንሺና በኢሜይል የላክሁልሽን ሴትዮ ተኪበት፣ አማቶቼ እናቴ ብለው የሚያውቁት እሷን ነው አልከኝ። ልየው ስልህ የተስማማሁ መሰለህ።

ሴትዮዋን ከፍቼ አየኋት። አንገቷ ላይ ወርቅ አለ፣ ፈገግታዋም ጥሩ ነው። ማን እንደሆነች ግን አላውቅም፤ እኛ ቤትም ለቅሶ አልተቀመጥንላትም። ዘጋኋት። ቤቱንም አልነካሁትም፣ አንተ የተወለድክበት ነው።

አንተን ግን አስገብቼሃለሁ። ሰዉ ተጠጋግቶ ስለቆመ ባዶ ቦታ አልነበረም። ማንን ላውጣ? ሁሉም ሥራውን ትቶ መጥቶ አልቅሷል። ስለዚህ ራሴን ቆርጬ አወጣሁና እኔ በቆምኩበት አንተን አቆምኩህ። እጆቼን ብቻ ተውኳቸው፤ አለበለዚያ የእማዬን ፎቶ የሚይዝ አልነበረም። ሌየሮቹን፣ ተደራራቢዎቹን ምስሎች፣ አጣብቄ በዋናው ፎቶ ላይ ሴቭ አድርጌዋለሁ፤ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም። አሁን ለአማቶችህ አሳያቸው። የያዝካት ሴት ማን ናት ብለው ሲጠይቁህ መልሱን አንተ ፈልግ።

እግዚአብሔር ልጆችህን ያሳድግልህ። በቀብርህ ቀን በእግራቸው የሚመጡልህ ያድርጋቸው።

የእናትህ ልጅ